የመምህሩ ‹‹እሺታ››፦ ከሬዲዮ እስከ ፕላዝማ፣ ከፕላዝማ እስከ እጅ ስልክ

ከጥቂት ወራት በፊት የማማክረው አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ረቂቅ ይዞልኝ መጣ። ርእሱ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን በእጅ ስልክ የሚሠሩ የመማሪያ መተግበሪያዎችን ለመቀበል ያላቸው ተነሣሽነትና ፈቃደኝነት የሚል ነው። መጠይቁ እንደ ደንቡ ባለ አምስት ደረጃ ነው፤ ‹‹በጣም እስማማለሁ›› ከሚለው ጀምሮ ‹‹በፍጹም አልስማማም›› እስከሚለው ድረስ። ውጤቱን ሳየው ተገረምሁ። መተግበሪያው ለማስተማር ይጠቅማል? በጣም እስማማለሁ። ለመጠቀም ዝግጁ ነዎት? በጣም እስማማለሁ። ለባልደረባዎ እንዲጠቀም ይመክራሉ? አሁንም በጣም እስማማለሁ። እንዲህ አንድ ልብና አንድ ቃል የሆነ ሕዝብ ከምርጫ ቦርድ የውጤት መግለጫ በቀር ሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም።

‹‹ከእነዚህ መምህራን መካከል መተግበሪያውን በእርግጥ የሚጠቀምበት ስንቱ ነው?›› ብዬ ጠየቅሁት።

ጥቂት ዝም አለና ‹‹ብዙ አይደሉም፣ ዶክተር›› አለኝ።

‹‹መጠይቁንስ ማን ሰበሰበልህ?››

‹‹ርእሰ መምህሩ ናቸው። ሥራውን ሊያቀሉልኝ ብለው በስብሰባ ላይ አስሞልተው ሰጡኝ።››

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። መምህራኑ የመለሱት የተማሪዬን ጥያቄ ሳይሆን የርእሰ መምህሩን ነው። ለርእሰ መምህር ደግሞ የሚሰጠው መልስ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ‹‹ጎመን በጤና›› ይባላል። ልጁን አልወቀስሁትም። እርሱ ሳያውቀው የነካው ጉዳይ ከስልኩም ከመተግበሪያውም በዕድሜ ይበልጣል። የኢትዮጵያ መምህር አዲስ ነገር ሲመጣበት ‹‹እሺ›› ማለቱን መንግሥታት ሁሉ ሲጠይቁት ኖረዋል፤ ‹‹እምቢ›› ለማለት ይችል እንደሆነ ግን የጠየቀው የለም። ዛሬ ለአንባቢዎቼ ላወጋችሁ የፈለግሁት የዚህን ‹‹እሺታ›› ታሪክ ነው።

የተረሳችው አንዲት ቃል

ስለ ቴክኖሎጂ ተቀባይነት የሚያጠኑ ሰዎች የሚመረኮዙባቸው ሁለት የታወቁ ንድፈ ሐሳቦች አሉ። አንደኛው ፍሬድ ዴቪስ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረበው ነው። ሰው አንድን መሣሪያ የሚቀበለው ይጠቅመኛል ብሎ ሲያምንና አያስቸግረኝም ብሎ ሲገምት ነው ይላል። ሁለተኛው ቬንካቴሽና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ሲሆን አራት ምክንያቶችን ይቆጥራል፤ የሚጠበቀው ጥቅም፣ የሚጠይቀው ድካም፣ የአካባቢ ሰዎች ግፊትና ሥራውን የሚያግዙ ሁኔታዎች መሟላት።

ተማሪዬ እነዚህን አራቱን በሥርዓት ወስዷቸዋል። ነገር ግን ያው የ2003ቱ ጽሑፍ ከዕድሜ፣ ከጾታና ከልምድ ጋር የሚያነሣት አንዲት ሌላ ጉዳይ አለች፤ አጠቃቀሙ በውዴታ ነው ወይስ በግዴታ የምትለው። ልጁ ይህችኛዋን ትቷታል። እኔ ግን በአገራችን ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በእርሷ ላይ ይመስለኛል።

ላሪ ኩባን የተባለው የትምህርት ታሪክ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1986 ፊልም፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ወደ አሜሪካ ክፍሎች የገቡበትን ታሪክ በአንድ መጽሐፍ መርምሮ ነበር። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1913 መጻሕፍት በቅርቡ ከትምህርት ቤት ይወጣሉ፤ በቦታቸው ፊልም ይተካል ብሎ ተንብዮ እንደነበረ ይታወቃል። አልሆነም። ኩባን መሣሪያዎቹ ለምን እንዳልተስፋፉ ሲመረምር የደረሰበት ነገር፣ መምህራን አዲስ ነገር የሚጠሉ ፍጥረቶች ናቸው የሚለውን ሐሜት የሚያፈርስ ነው። መምህር መሣሪያን የሚመዝነው የራሱን የክፍል ችግር የሚፈታለት እንደሆነና እንዳልሆነ አይቶ ነው። ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ማንም ሳያስገድደው ዓለምን ያዳረሱት መምህሩ እንደፈለገ ስለሚጽፍባቸው፣ እንደፈለገም ስለሚያጠፋቸው ነው። ይህን ሐሳብ በልባችን ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ።

ከየኔታ እስከ የካቲት 1966

በባህላችን መምህር ‹‹የኔታ›› ነው፤ የእኔ ጌታ ማለት ነው። የቆሎ ተማሪ ከአንዱ የቅኔ ቤት ወደ ሌላው አገር አቋርጦ የሚጓዘው ሕንጻ ፈልጎ ሳይሆን የመምህሩን ስም ሰምቶ ነበረ። ዘመናዊው ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1908 በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብጽ በመጡ የኮፕት መምህራን ሲጀመርም፣ በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈትም፣ የመምህርነት ክብር ከቤተ ክህነት ወደ ቤተ መንግሥት ተሻገረ እንጂ አልጠፋም። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በ1941 ዓ.ም. ሲመሠረት አባላቱ ጥቂት ቢሆኑም ቃላቸው የሚደመጥ ሰዎች ነበሩ።

መሣሪያው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ትምህርት በቴሌቪዥን ተከተለ፤ ሬዲዮውም እየተስፋፋ ሄደ። የእኔ ትውልድ የሬዲዮውን ትምህርት በደርግ ዘመን የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሆኖ ደርሶበታል። እትዬ የምንላት መምህራችን ሬዲዮኑን በሁለት እጇ አቅፋ ታመጣውና ጠረጴዛዋ ላይ ታስቀምጠው ነበር። አስቀድማ ስለምንሰማው ነገር ታወራናለች፤ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ትጠይቀናለች። ተናጋሪው ከፈጠነብን ድምፁን ትቀንስና ያለውን በራሷ አነጋገር ትደግምልናለች። አንድ ቀን ባትሪው ደክሞ ሬዲዮኑ ማንኮራፋት ሲጀምር ጠርቅማ ዘጋችውና የቀረውን ራሷ ጨረሰችልን። እኛ ልጆቹ ልዩነቱን አላወቅነውም። መሣሪያው በእርሷ እጅ ነበረ፤ እርሷ በመሣሪያው እጅ አልነበረችም። ይህችን ሥዕል አንባቢዬ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ከዚያ በፊት ግን የካቲት 1966 አለ። ‹‹ሴክተር ሪቪው›› በሚል ስም የሚታወቀው የትምህርት ጥናት በ1964 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ ተካሄደ። የዩኒቨርሲቲ ምሁራን፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችና የውጭ ባለሙያዎች ደከሙበት። የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለብዙኃኑ፣ በተለይም ለገጠሩ ልጅ ለማዳረስ ያለመ ነበረ። በወረቀት ላይ ሲታይ ክፉ ሐሳብ አልነበረም። ነገር ግን ዕቅዱን በየክፍሉ የሚፈጽሙት መምህራን ይዘቱን የሰሙት እንደ ወሬ ነው። ‹‹የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ሊደረግ ነው›› የሚለው ሥጋት ከቤት ወደ ቤት ተዛመተ፤ መምህሩም ተማሪ ሲጨመርበት ደመወዙ ባለበት እንደሚቀር ተረዳ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ። በዚያው ዕለት የታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ ምክንያት አድማ መቱ። መንግሥት ሴክተር ሪቪውን በይደር አስቀመጠው። ሰባት ወር ሳይሞላ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዙፋኑ ራሱ ወደቀ።

ስለ አብዮቱ ስንነጋገር ይህን ታሪክ እንደ ፖለቲካ እናነበዋለን። እኔ ግን የትምህርት ታሪክ ሰዎች ሌላ ትምህርት ቢያወጡበት እመኛለሁ። በአገራችን ከተጠኑት የትምህርት ዕቅዶች ሁሉ ብዙ ከተደከመባቸው አንዱ የወደቀው በይዘቱ ድክመት ብቻ አይደለም። ፈጻሚውን ያላማከረ ዕቅድ ስለነበረና ፈጻሚውም ያን ጊዜ ‹‹አይሆንም›› ለማለት የሚያስችል አንደበት ስለነበረው ነው።

አንደበቱ የተሰበረበት ዘመን

ከዚያ ወዲህ የመጡት መንግሥታት ከዚህ ታሪክ ትምህርት ወስደዋል፤ የወሰዱት ግን የተገላቢጦሹን ነው። መምህሩን ማማከር ይገባል ከማለት ይልቅ መምህሩን ዝም ማሰኘት ይገባል አሉ።

ደርግ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮ ሽልማት አስገኝቷል፤ በሂደቱም 15 ቋንቋዎች የማስተማሪያ ጽሑፍ አግኝተዋል። ያን ሥራ የሠራው መምህሩና ተማሪው ነው። ፋኖስና ጥቁር ሰሌዳ ይዞ ገጠር የወረደው እርሱ ነው። በእውነት ያመነበት ብዙ ነበረ። ነገር ግን ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት በቀይ ሽብር ባልደረቦቹ ሲረሸኑ ያየ መምህር፣ ‹‹እሺ›› ሲል የትኛው ከልቡ የትኛው ከፍርሃቱ እንደወጣ እርሱ ራሱም ለይቶ መናገር ይችል እንደነበረ እጠራጠራለሁ።

ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1985 ዓ.ም.፣ 42 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራ ተባረሩ። የመምህራን ማኅበሩ በሁለት ተከፍሎ አንዱ ከመንግሥት ጋር ሲቆም፣ የነባሩ ማኅበር ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት በ1988 ዓ.ም. ታሰሩ፤ የተፈቱትም በ1994 ዓ.ም. ነው። የማኅበሩ አመራር አባል የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. ወደ ሥራቸው ሲሄዱ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። በየትምህርት ቤቱ ግምገማ ገባ፤ ኋላም አንድ ለአምስት መጣ።

ይህን ሁሉ የማነሣው የቆየ ቁስል ለመቆስቆስ አይደለም። ቀጥሎ የመጣው ትልቅ መሣሪያ በምን ዓይነት ምድር ላይ እንደተተከለ አንባቢ እንዲያውቅ ነው።

ፕላዝማው

በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በመላ አገሪቱ በመቶዎች በሚቆጠሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ፕላዝማ ተሰቀለ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት የሚሰራጭ፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ነበረ። ከ40 ደቂቃ ገደማው ክፍለ ጊዜ ውስጥ 30 ደቂቃ ያህሉ የቴሌቪዥኑ ነው፤ ከፊትና ከኋላ የተረፉት ጥቂት ደቂቃዎች ለመምህሩ ተሰጡት።

ያን ጊዜ እኔ ወጣት መምህር ነበርሁ። በአጠገቤ ባለው ክፍል ሒሳብ የሚያስተምር፣ በዕድሜም በሙያም የሚበልጠኝ ባልደረባ ነበረኝ። ጋሼ እለው ነበር። በጠመኔ ብቻ አንድን ቀመር ከሥሩ አንሥቶ ልጆቹን እያሳቀ የሚያደርስ ሰው ነው። አንድ ቀን በክፍሉ በር ሳልፍ በተማሪ ዴስክ ላይ ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ አየሁት። ስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ጥያቄ ጠየቀች፤ የምትቆጥር ሰዓት ታየች፤ ሰዓቱ አለቀ፤ መምህርቷ ማንም ሳይመልስላት ‹‹ጎበዞች!›› ብላ አለፈች። ልጆቹ ጥያቄውን ገና ደብተራቸው ላይ አልገለበጡም። አንዲት ልጅ ዞር ብላ ጋሼን አየችው። እርሱም አያት። ሊያቆመው አይችልም፤ ማቆሚያ አልተሠራለትም፤ ሥርጭቱ የሚመጣው ከሳተላይት ነው። ሲያልቅ ወደ ሰሌዳው ሄደ፤ ጠመኔውን አንሥቶ መጻፍ እንደጀመረ ደወሉ ተደወለ።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ስንጠጣ ‹‹ማብሪያ ማጥፊያ ሆኜ ተቀጠርሁ እኮ›› አለኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ትምህርት ቤቱን ለቅቆ የሆነ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ሆነ።

ለእውነት እንቁም። ፕላዝማው ጥቅም አልነበረውም አልልም። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ኬሚካል ከኬሚካል ሲዋሐድ፣ የልብ ቧንቧ ሲከፈትና ሲዘጋ በዓይኑ አይቷል። የገጠሩና የከተማው ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኝ መመኘትም የሚያሳፍር ምኞት አይደለም። የትምህርት ሽፋኑ በፍጥነት ሲሰፋ ብቁ መምህር መጥፋቱም እውነት ነበረ፤ ከመምህራን መካከልም ከትምህርቱ ይዘት ይልቅ እንግሊዝኛው የሚያስጨንቀው ጥቂት አልነበረም። ችግሩ መፍትሔው መምህሩን ከማብቃት ይልቅ መምህሩን በመዝለል ላይ መቆሙ ነው። ‹‹መምህሩ ደካማ ነው›› ተብሎ መሣሪያ ሲመጣ፣ መሣሪያው ደካማውን አላበረታም፤ ብርቱውን ግን አደከመው።

ይህም አዲስ ግኝት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1964 በፓሲፊክ ውቅያኖስ ባለችው የአሜሪካ ሳሞአ ደሴት የትምህርቱ ዋና ክፍል በቴሌቪዥን እንዲሰጥ ተደርጎ የክፍሉ መምህር ረዳት ሆኖ ነበር። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ መምህራኑም ትልልቆቹ ተማሪዎችም ሰልችተውት ቴሌቪዥኑ ወደ ዳር ወጣ። ኮት ዲቯር እ.ኤ.አ. በ1971 የጀመረችውን ሰፊ የቴሌቪዥን ትምህርት በ1982 አቆመችው። ፕላዝማውን የገዛን ሰዎች ይህን ታሪክ ለማንበብ ከ20 ዓመት በላይ ጊዜ ነበረን። በኋላ ፕላዝማዎቹ አንድ በአንድ ዝም ሲሉ ‹‹መምህራን ለቴክኖሎጂ ያላቸው አመለካከት›› የሚል ጥናት በየዩኒቨርሲቲው በዛ። የታመመው መምህሩ ነው ተብሎ አመለካከቱ መመርመር ተጀመረ።

መምህር የሌለበት ትምህርት

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ‹‹አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን›› በሚል መርሕ በሺዎች የሚቆጠሩ አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። የመርሑ አባት ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ያው ድርጅት በኦሮሚያ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ለየ20 ያህል ልጆች ታብሌት ያለ ምንም መመሪያና ያለ መምህር ሰጠ። ልጆቹ ሣጥኑን ከፍተው፣ ማብሪያውን አግኝተው፣ ፊደል ዘምረው፣ በመጨረሻም ሆን ተብሎ የተዘጋውን ካሜራ ከፍተው እንደተገኙ ለዓለም ተነገረ።

በልጆቹ ብልሃት እኔም ኮርቻለሁ። ያሳሰበኝ ግን ዓለም ለምን እንዳጨበጨበ ነው። ያጨበጨበው ልጆቹ ስለተማሩ ብቻ አይደለም፤ ያለ መምህር ስለተማሩ ነው። ከፕላዝማው ጋር የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዱ መምህሩን ዳር አስቀመጠው፤ ሌላው ጭራሹን ከሥዕሉ አወጣው።

ስልኩ

እጅ ስልክ ወደ አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። የእርሱ ታሪክ ከቀደሙት ይለያል፤ መምህሩ ስልክን የገዛው በራሱ ገንዘብና በራሱ ፈቃድ ነው። መንግሥት ግን ስልኩን እንደ ትምህርት መሣሪያ ከማየቱ በፊት እንደ ሥጋት አየው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት ለሁለት ዓመት ያህል ተዘጋ። በግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ሲወጣ፣ በሐምሌ ተተኪው ፈተና ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያ ታገደ፤ በ2009ና በ2011 ዓ.ም. በፈተና ሰሞን ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። መምህሩ ‹‹በኢንተርኔት አስተምር›› ሲባል ይህን ሁሉ የሚያስታውስ ሰው ነው።

ቀጥሎ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. መጣ። በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ያኔ የሆነውን የማናችንም ዓይን አይቷል። ገና የጠራ መመሪያ ሳይወርድ መምህራን በቴሌግራም ቡድን እየከፈቱ ልጆቹን ሰበሰቡ። የሰሌዳ ጽሑፋቸውን በስልክ ፎቶ እያነሡ ላኩ፤ ማብራሪያውን በድምፅ ቀድተው ሰደዱ፤ የቤት ሥራ ሌሊት አረሙ። የዳታውን የከፈሉት ከኪሳቸው ነው። ስልክ የሌለው ልጅ እንዳይቀር ማስታወሻ አትመው በሱቅ በኩል ያስቀመጡም አውቃለሁ። ሁሉም ልጅ አልተዳረሰም፤ አብዛኛው የገጠር ልጅ ቀርቶበታል። ቢሆንም ‹‹የኢትዮጵያ መምህር ቴክኖሎጂ ይፈራል›› ለሚለው ክስ ከዚህ የበለጠ መከላከያ የለም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

አስተውሉ፤ ቴሌግራም የትምህርት መተግበሪያ አይደለም። ማንም ለመምህሩ ሥልጠና አልሰጠበትም። የተቀበለው እንደ እትዬ ሬዲዮ በእጁ ስለሆነ ነው። ይከፍታል፤ ይዘጋል፤ ይደግማል፤ በገዛ ቋንቋው ያስረዳል። ከግንቦት 2013 ወዲህ ቴሌብር ሲመጣም መምህሩ ከ40 ሚሊዮን በላይ ከሚሆነው ተጠቃሚ ጋር ማንም ሳያሳምነው ገብቶበታል። ጥቅሙን አይቷልና።

በተቃራኒው ከላይ የታሰበውን ተመልከቱ። የ2012 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በታብሌት ይሰጣል ተባለ፤ ታብሌቶቹ ሲጠበቁ ፈተናው ዘገየ፤ በ2013 አጋማሽ በወረቀት ተሰጠ። ‹‹ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025›› የተሰኘው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ መተግበሪያ ማስመረቅ እንደ ችግኝ ተከላ ሆኗል፤ ሲተከል ፎቶ ይነሣል፤ ውኃ የሚያጠጣው ግን አይታወቅም።

ደመወዝና ዳታ

ስለ ተነሣሽነት አንሥቶ ስለ ኑሮ አለመናገር ግብዝነት ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በጥር 2015 ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ተባለ፤ ጣት ሁሉ ወደ መምህሩ ተቀሰረ። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በኅዳር 2015፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን በደመወዝ ጉዳይ ሥራ አቁመን ነበር። በትግራይ መምህራን በጦርነቱ ምክንያት ለረዥም ወራት ያለ ደመወዝ ኖረዋል፤ በደቡቡም የአገሪቱ ክፍል ወር ቆጥረው ደመወዝ ያልደረሳቸው ነበሩ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ሲመነዘር፣ ዘመናዊ ስልክ ከመምህር ኪስ ይበልጥ ራቀ።

ለዚህ መምህር መተግበሪያ ሲሰጠው ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልኩንና የራሱን ዳታ ይዞ ይመጣል ተብሎ ይታሰባል። አናጢ መጋዝ ከቤቱ ይዞ ይምጣ ይባላል፤ ለጸሐፊ ግን ኮምፒዩተር ከቤትህ ይዘህ ና የሚል መሥሪያ ቤት አላየሁም። መተግበሪያውን ሲጠቀም ሰዓቱ አይቆጠርለትም፤ ሳይጠቀም ግን በግምገማ ይነሣበታል። ቢ.ፒ.አር.፣ ቢ.ኤስ.ሲ.፣ ካይዘን ሲባል እያጨበጨበ የሰለጠነ ትውልድ ነውና ይህንንም አጨብጭቦ ይቀበላል። በጣም እስማማለሁ!

እንግዲህ ምን ይደረግ?

መሣሪያውን እንጣለው የሚል ሰው አይደለሁም። እኔም በስልኬ አስተምራለሁ። ነገር ግን አንድ መተግበሪያ ወደ ትምህርት ቤት ከመላኩ በፊት አራት ነገሮች ይጠየቁ እላለሁ። መምህሩ ሊያቆመው፣ ሊዘልለውና የራሱን ሊጨምርበት ይችላል ወይ? የዳታውን ማን ይከፍላል? የሚወስደው ጊዜ ከክፍለ ጊዜ ጫናው ላይ ይቀነስለታል፣ በደረጃ ዕድገቱስ ይቆጠርለታል ወይ? አራተኛውና ዋናው፦ ‹‹አይጠቅመኝም›› ብሎ የመለሰ መምህር ምን ይደርስበታል? ለዚህ የመጨረሻው ጥያቄ መልሱ ‹‹ምንም›› እስካልሆነ ድረስ ስለ መምህራን ፈቃደኝነት የሚሰበሰብ ቁጥር ሁሉ ስለ ፍርሃታቸው የተሰበሰበ ቁጥር ነው።

በ1966 ዓ.ም. መምህሩ ‹‹አይሆንም›› አለና መንግሥት ደነገጠ። ኋላ ደግሞ ‹‹አይሆንም›› እንዳይል ተደረገና መንግሥት ተደሰተ። ሁለተኛው ዝምታ ግን ከመጀመሪያው ጩኸት ይልቅ ትምህርታችንን ጎድቷል። የሚጮህ መምህር ክፍሉ ውስጥ አለ፤ ዝም ያለው እንደ ጋሼ ሌላ ሥራ እየፈለገ ሊሆን ይችላል።

ተማሪዬን መጠይቁን እንደገና እንዲያደርግ ነገርሁት። ስም የሌለበት ወረቀት፣ ርእሰ መምህሩ በማይገኙበት፣ በሻይ ሰዓት፣ ራሱ እየሄደ። ደግሞም አንድ ክፍት ጥያቄ እንዲጨምር መከርሁት፤ ‹‹ይህን መተግበሪያ እርስዎ ቢሠሩት ኖሮ ምን ያደርግ ነበር?›› የምትል። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ወረቀቶች ይዞልኝ መጣ። ‹‹በጣም እስማማለሁ›› የሚለው ቀንሷል። ልጁ ጥናቱ የተበላሸበት መስሎት አዝኗል። እኔ ግን ክፍቷን ጥያቄ ገልጬ አሳየሁት፤ ቦታው አልበቃ ብሏቸው ከወረቀቱ ጀርባ የጻፉ ነበሩ። አንዱ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ‹‹ማቆሚያ ቁልፍ አደርግለት ነበር።››

ቸር ይግጠመን።